የሥራ ቤት መሣሪያዎች ጠባቂውን ሶኬት የሚያስቈርጡበት ምክንያት

በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሱ መጋዝና መሰርሰሪያ፥ መላጊያና ግራይንደር በገቡበት የሥራ ቤት አንድ የማይቀር ክርክር አለ። ሠራተኛው እንጨቱን ለክቶ፥ መሥመሩን አስምሮ፥ መጋዙን ባስነሣ ጊዜ ሶኬቱ ኮረንቲውን ቈርጦ መሣሪያውን ጸጥ ያደርገዋል። ሠራተኛውም የሶኬቱን ቍልፍ ተጭኖ እንደ ገና ያስነሣል፤ ሶኬቱም እንደ ገና ይቈርጣል። ነገሩ ሦስትና አራት ጊዜ ሲደጋገም ሰውዬው ሶኬቱን ከግድግዳው ነቅሎ ጠባቂ የሌለው ተራ ሶኬት ይተክልበታል፤ መጋዙም ከዚያ ወዲያ ያለ ከልካይ ይዞራል። ሥራው ደኅና የሄደ ይመስላል። ዳሩ ግን ሶኬቱ ስለ ምን ይቈርጥ እንደ ነበረ አልተመረመረምና ምክንያቱ በመሣሪያው ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል፤ ሰው እስኪነካውም ድረስ ይቈያል።

ስለዚህ ጠባቂ ሶኬት የሚባለው ምን እንደ ሆነ፥ የሥራ ቤት መሣሪያዎችም በምን በምን ምክንያት እንደሚያስቈርጡት፥ መርማሪውም ምክንያቱን በምን ተራ ፈልጎ እንደሚያገኘው ከዚህ በታች ተጽፏል።

ኮረንቲ ወደ መሣሪያው የሚሄደው በአንድ ሽቦ ነው፤ የሚመለሰውም በሌላ ሽቦ ነው። የሚሄድበትን ባለሙያዎች ፌዝ ይሉታል፤ የሚመለስበትንም ኒውትራል ይሉታል። ሦስተኛው የመሬት ሽቦ ነው፤ እርሱ በደኅናው ጊዜ ኮረንቲ አይሸከምም፤ የመሣሪያውን ብረት ገላ ከመሬት ጋራ ያገናኛል እንጂ። በቤቱ መግቢያ ላይ ያለው ፊውዝ ወይም ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ከዐቅሙ በላይ ተጭኖ እንዳይግልና ቤቱን እንዳያቃጥል፥ ኮረንቲው ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ ይቈርጣል። ልኩም ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20 አምፔር ነው። ሰውን ለመግደል ግን ይህ ሁሉ ኮረንቲ አያስፈልግም፤ ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ እጅ ያህል እንኳ በደረት በኩል ቢያልፍ የልብን ትርታ ሊያናውጥ ይችላል። እንግዲህ ሰው በብሬከሩ ፊት እየሞተ ብሬከሩ ምንም አላየሁም ብሎ መቀመጡ ከዚህ የተነሣ ነው።

በአገራችን ሰው በኤሌክትሪክ ሲጐዳ «ኮረንቲ ያዘው» ይባላል። አባባሉ የነገሩን ሥርዓት በትክክል ይናገራል። በሰኮንድ ሃምሳ ወይም ስድሳ ጊዜ እየተመላለሰ የሚሄድ ኮረንቲ በክንድ ሲያልፍ ጡንቻዎቹን ያኰማትራል፤ ጣቶችም የጨበጡትን ነገር ይበልጥ ይጨብጣሉ እንጂ አይለቁም። መሰርሰሪያ የያዘ ሰው መሰርሰሪያውን መጣል እየፈለገ መጣል ያቅተዋል። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና መምህር የነበሩት ቻርልስ ዳልዚኤል ሰው በእጁ የያዘውን ብረት በፈቃዱ ሊለቅ የሚችልበትን የኮረንቲ ልክ በ134 ወንዶችና በ28 ሴቶች መርምረው ነበር። በወንዶች መካከለኛው ልክ 16 ሚሊአምፔር፥ በሴቶችም 10.5 ሚሊአምፔር ሆኖ ተገኘ። ሚሊአምፔር የአምፔር አንድ ሺሕኛ ነው። ከሰው ሰው ይለያያልና፥ ደካማው እንኳ ሊለቅ እንዲችል ልኩ ወደ 6 ሚሊአምፔር ዝቅ ማለት እንደሚገባው ከዚህ ምርመራ ታወቀ። ዳልዚኤልም በ1961 ዓመት (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ይህን ያህል ትንሽ ኮረንቲ ለይቶ የሚቈርጥ መሣሪያ ሠሩ። ከዚህ በታች የሚጻፉትም ዓመታት ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው።

የመሣሪያው ብልሃት የቈጠራ ብልሃት ነው። በቀድሞ ዘመን የኬላ ጠባቂ በጧት በበሩ የወጡትን በቅሎዎች ቈጥሮ ማታ የተመለሱትን እንደሚቈጥርና፥ አንዲቱ ብትጐድል በመንገድ የቀረች መሆኗን እንደሚያውቅ፥ ጠባቂው ሶኬትም የሚሄደውን ኮረንቲ ከሚመለሰው ጋራ ያመዛዝናል። በውስጡ ከብረት ወይም ከብረት ቅልቅል የተሠራ ትንሽ ቀለበት አለ፤ ፌዙና ኒውትራሉ ሁለቱም በቀለበቱ መካከል ያልፋሉ። የሄደው ሁሉ ከተመለሰ የሁለቱ ሽቦዎች የማግኔት ኀይል እርስ በርሱ ይሻራል፤ ቀለበቱም ምንም አይሰማውም። ከሄደው ጥቂት ቢጐድል ግን፥ ያ የጐደለው በሌላ መንገድ፥ በእርጥብ እንጨት ወይም በመሣሪያው ገላ ወይም በሰው አካል በኩል ወደ መሬት መሄዱ ነው። ቀለበቱ ያን ጊዜ ማግኔት ይሆናል፤ በቀለበቱ ላይ በተጠመጠመው ቀጭን ሽቦም ትንሽ ኮረንቲ ይነሣል፤ ያም ኮረንቲ መቍረጫውን ያስፈነጥረዋል። በአሜሪካ የተደነገገው ልክ ከ4 እስከ 6 ሚሊአምፔር ነው፤ ሰው በተነካ ጊዜም መቍረጡ የሰኮንድ አንድ አርባኛ ያህል ብቻ ይፈጃል።

አስተውሎ የሚያነብ ሰው ከዚህ አንድ ነገር ያገኛል። ሶኬቱ የሚያመዛዝነው የጐደለውን ብቻ ነው፤ በማን በኩል እንደ ጐደለ አያውቅም። በሰው ደረት ያለፈው 6 ሚሊአምፔርና በእርጥብ ሰጋቱራ በኩል የፈሰሰው 6 ሚሊአምፔር ለእርሱ አንድ ናቸው። ሠራተኛው «ያለ ምክንያት ቈረጠ» ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱ «እኔን ሳይነካኝ ቈረጠ» ማለት ነው።

በአሜሪካ አገር የእሳት መከላከያ ማኅበር የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ደንብ ጠባቂውን ያዘዘው ባንድ ጊዜ አይደለም። በመጀመሪያ በ1968 ለመዋኛ ገንዳ መብራት ታዘዘ፤ በ1971 ደንብ ከቤት ውጭ ላሉ ሶኬቶች፥ በ1975 ለመታጠቢያ ቤት፥ በ1978 ለመኪና ማደሪያ ቤት ታዘዘ። የዚያ አገር ሰዎች ብዙዎቹ የግል የሥራ ቤታቸውን የሚያደራጁት በመኪና ማደሪያ ቤትና በምድር ቤት ነውና፥ መጋዝና ጠባቂ ሶኬት በአንድ ጣራ ሥር የተገናኙት ከዚህ በኋላ ነው። ኮረንቲያቸው 120 ቮልት ነው። በኤውሮፓና በኢትዮጵያ ግን ቮልቱ 220 ወይም 230 ነው፤ ጠባቂውም ብዙ ጊዜ በሶኬቱ ውስጥ ሳይሆን በማከፋፈያው ሣጥን ከብሬከሮቹ ጐን ይተከላል፤ ለሰው ሕይወት ጥበቃ የተመረጠው ልክም 30 ሚሊአምፔር ነው። እንዲህ ያለው ጠባቂ ከ15 እስከ 30 ሚሊአምፔር ባለው መካከል ይቈርጣል። ልኩ ከአሜሪካው ከፍ ያለ ስለ ሆነ እጅ ለቅጽበት ሊያዝ ይችላል፤ ነገር ግን ልብ ሳትናወጥ ፈጥኖ ይቈርጣል ተብሎ ተወስኗል። በዚህም ምክንያት በአሜሪካ ሶኬት ላይ የሚያስቸግር ጥቂት መፍሰስ በ30 ሚሊአምፔሩ ላይ ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ እንመለስ።

ከሁሉ የሚበዛው እርጥበት ነው። በብርድ ሌሊት በቀዝቃዛ ቤት ያደረ ብረት በጧት ሞቅ ያለ አየር ሲያገኘው ላብ ያወጣል፤ ውኃውም በሞተሩ ጥምጥም ሽቦ ላይና በማብሪያው ውስጥ ይቀመጣል። ንጹሕ ውኃ ኮረንቲ ለማሳለፍ ደካማ ነው፤ ከአቧራና ከላብ ጨው ጋራ ሲቀላቀል ግን ጥሩ መንገድ ይሆናል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በጧት ያስቈርጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ከሞቀና ከደረቀ በኋላ አያስቈርጥም። ሠራተኛው ይህን ሲያይ ሶኬቱ እንደ ልቡ የሚሠራ እየመሰለው ይሳደባል፤ ሶኬቱ ግን በጧትም በቀትርም የነገረው እውነቱን ነው። እርጥብ እንጨት የሚልግ መላጊያና በዝናብ ካፊያ ውጭ የዋለ መጋዝም እንደዚሁ ናቸው።

ሁለተኛው በሞተሩ ውስጥ የሚከማች ትቢያ ነው። በእጅ የሚያዙ መሰርሰሪያዎችና ግራይንደሮች ሞተራቸው ከከሰል የተሠሩ ሁለት ትንንሽ ቍራጮች አሉት፤ ባለሙያዎች ካርቦን ይሏቸዋል። እነዚህ በሚዞረው መዳብ ላይ እየተፋጩ ኮረንቲ ያደርሳሉ፤ ሲፋጩም ያልቃሉ፤ ያለቀውም ጥቍር ዱቄት ሆኖ በውስጥ ይለጠፋል። የከሰል ዱቄት ኮረንቲን ያሳልፋል። ብረት በሚቈርጥ ግራይንደር ላይ ደግሞ የሞተሩ ማራገቢያ የብረቱን ድቃቂ ይስባል፤ ነገሩም ይከፋል። እንግዲህ ኮረንቲ ያለበት መዳብና የመሣሪያው ገላ፥ በሠሪው ፋብሪካ የተለያዩት፥ በዚህ ዱቄት ቀጭን ድልድይ እንደ ገና ይገናኛሉ። ሰጋቱራ በደረቁ ጊዜ ብዙም ጕዳት የለውም፤ በእርጥብ ጊዜ ግን እንደ ጨርቅ ውኃውን ይዞ ይቈያል።

ሦስተኛው የገመዱ መቍሰል ነው። ገመዱ ወደ መሣሪያው በሚገባበት አንገት ላይ በየቀኑ ሲታጠፍ የውስጡ ሽቦ ልብስ ይሰነጠቃል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ምንም የለበትም። መሣሪያውን በገመዱ አንጠልጥሎ የመሸከም ልማድ ይህን ያፋጥነዋል። ምልክቱም ገመዱ ሲወዛወዝ ብቻ መቍረጡ ነው።

አራተኛውን ማስተዋል ይገባል፤ ብዙ ባለሙያዎችም የሚሳሳቱበት ነውና። ደኅና የሆነ መሣሪያ ሁሉ ጥቂት ያፈስሳል። ፍጥነቱን በቍልፍ የሚለዋውጥ መሰርሰሪያ ወይም መላጊያ የራዲዮ ድምፅ እንዳያውክ ከፌዝ ወደ ገላው ወይም ወደ መሬት ሽቦው የሚያገናኙ ትንንሽ ኮንዴንሰሮች ይገቡለታል፤ በእነርሱም በኩል ጥቂት ኮረንቲ ዘወትር ያልፋል። ረጅም ማራዘሚያ ገመድም፥ ምንም ልብሱ ደኅና ቢሆን፥ ሽቦዎቹ ጐን ለጐን ስለሚሄዱ ጥቂት ጥቂት ወደ መሬት ሽቦው ያሳልፋል። ለአንድ ደኅና የእጅ መሣሪያ የተፈቀደው ከ1 ሚሊአምፔር በታች ነው። ብቻውን ይህ ምንም አይደለም። ዳሩ ግን በአንድ ጠባቂ ሥር አንድ የጠረጴዛ መጋዝ፥ አንድ የሰጋቱራ መምጠጫ፥ አንድ መብራት፥ አንድ የባትሪ መሙያ ቢሰኩ፥ እያንዳንዳቸውም ግማሽ ሚሊአምፔር ቢያፈስሱ፥ ድምሩ 2 ሚሊአምፔር ይሆናል። ከዚያ በኋላ 2 ወይም 3 ሚሊአምፔር የሚያፈስስ ጥቂት የረጠበ መሰርሰሪያ ሲጨመርበት ሶኬቱ ይቈርጣል። መሰርሰሪያው ብቻውን ቢሰካ አያስቈርጥም ነበር፤ ሌሎቹም ያለ እርሱ አያስቈርጡም ነበር። በዚህ ጊዜ አንዱን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም። የሞተርን ፍጥነት የሚገዙ ትልልቅ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች፥ ኢንቨርተር የሚባሉት፥ በዚህ በኩል ከሁሉ የከፉ ናቸው፤ ብቻቸውን ጠባቂውን ሊያስቈርጡ ይችላሉ።

አምስተኛው መፍሰስ ሳይኖር የሚመጣ ነው። ትልቅ ሞተር ያለው መጋዝ ሲጠፋ በጥምጥሙ ውስጥ የነበረው የማግኔት ኀይል ባንድ ጊዜ ይፈርሳል፤ በማብሪያው አፍ ላይም ብልጭታ ይነሣል። ያ ብልጭታ ለቅጽበት ከፍ ያለ ቮልት ያወጣል፤ በኮንዴንሰሮቹና በሽቦዎቹም በኩል ወደ መሬት ይገፋል፤ ሶኬቱም ይቈርጣል። ምልክቱ የታወቀ ነው፤ መጋዙ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሲጠፋ ብቻ ያስቈርጣል። በእውነት የሠራተኛው ማጕረምረም ተገቢ የሚሆነው በዚህ አንድ ጊዜ ነው። ያረጁ ጠባቂዎች ይህን ብልጭታ ከእውነተኛ መፍሰስ ለመለየት ደካሞች ነበሩ፤ አዲሶቹ ይሻላሉ።

ስድስተኛው ከሽቦ ዝርጋታው ነው። ከጠባቂው ወዲያ ባለው ቦታ ኒውትራሉና የመሬት ሽቦው በአንድ ሣጥን ውስጥ ቢነካኩ፥ የሚመለሰው ኮረንቲ በሁለት መንገድ ይከፈላል፤ በመሬቱ ሽቦ የተመለሰው በቀለበቱ ውስጥ ስለማያልፍ እንደ ጐደለ ይቈጠራል። የሁለት መሥመር ኒውትራል ተቀላቅሎም እንደ ሆነ ውጤቱ ይኸው ነው። እንዲህ ያለው ቤት የትኛውም መሣሪያ ቢሰካ ያስቈርጣል።

ምክንያቱን ለመፈለግ ተራ ያስፈልጋል፤ ያለ ተራ የሚፈልግ ሰው ደኅናውን ሁሉ ፈትቶ ሲያበቃ የተበላሸውን አያገኝም። አንድ አናጢ በመኪና ማደሪያ ቤቱ መጋዙ እያስቈረጠበት ተቸግሯል እንበል። መጀመሪያ የተሰካውን ሁሉ ይንቀል፤ ከጠባቂው ወዲያ በሌሎች ሶኬቶች የተሰኩትንም ጭምር፤ ከውጭ በበረንዳው ላይ የተሰካ መብራት ብዙ ጊዜ ይረሳልና። ከዚያ በኋላ ሶኬቱን ይመልስ። ምንም ሳይሰካ የሚቈርጥ ከሆነ ጥፋቱ በሶኬቱ ወይም በግድግዳው ሽቦ ነው፤ ያን ጊዜ ባለሙያ ይጥራ። ዝም ብሎ ከቈየ፥ መጋዙን ያለ ማራዘሚያ በቀጥታ ይሰካው። አሁን ካላስቈረጠ ወደ ማራዘሚያውና ወደ ሌሎቹ መሣሪያዎች ይመለስ፤ አንድ በአንድ እየጨመረ በስንተኛው እንደሚቈርጥ ይመልከት። መጋዙ ብቻውን ካስቈረጠ ግን ወደ ሌላ ጠባቂ ሶኬት ወስዶ ይሰካው፤ በዚያም ካስቈረጠ ምስክሮቹ ሁለት ሆነዋልና መጋዙ ይፈተሽ። በሁለተኛው ካላስቈረጠ የመጀመሪያው ሶኬት ማርጀቱ ይጠርጠር። ለዚህ ፈተና ጠባቂ የሌለው ተራ ሶኬት አይረባም፤ በተራ ሶኬት ላይ የተበላሸውም ደኅና ሆኖ ይሠራልና። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «በጐረቤት ቤት ደኅና ሠራ» ይላል፤ ጐረቤቱ ግን ጠባቂ የለውም።

የተጠረጠረው መሣሪያ ከሶኬት ተነቅሎ በደረቅ አየር ይነፋ፤ በሞቃት ስፍራም አንድ ቀን ይደር። የካርቦኑ ቍራጮች ወጥተው ይታዩ፤ ቤታቸውም ይጠረግ። ገመዱ ከስፒናው እስከ አንገቱ በእጅ እየታጠፈ ይመርመር። ከዚያ በኋላ ባለሙያ ሜገር በሚባለው መለኪያ በ500 ቮልት የልብሱን ጥንካሬ ቢለካው እርግጡ ይታወቃል። ከ1 ሚሊዮን ኦም በላይ ያለው ደኅና ነው። በ220 ቮልት 1 ሚሊዮን ኦም የሚያሳልፈው ከአንድ ሚሊአምፔር ሩብ እንኳ አይሞላም። መለኪያው 20,000 ኦም ቢያሳይ ግን መፍሰሱ 11 ሚሊአምፔር ነው፤ የአሜሪካው ሶኬት ይህን ይቈርጠዋል፤ የ30 ሚሊአምፔሩ ግን ገና አይነካውም። መሣሪያው በዚህ ሁኔታ ሥራውን ደኅና ይሠራል፤ ድምፁም አይለወጥም።

መጋዙ ሲጠፋ ብቻ የሚያስቈርጥ ሆኖ ከተገኘና በመለኪያው ንጹሕ ከሆነ፥ ያረጀው ሶኬት በአዲስ ጠባቂ ይለወጥ፤ ወይም ባለሙያ በማብሪያው ላይ ብልጭታውን የሚያበርድ ኮንዴንሰርና ሬዚስተር ያድርግበት። ድምሩ ብዙ ሆኖ የሚያስቈርጥ ሲሆንም መሣሪያዎቹን በሁለት በሦስት ጠባቂዎች ላይ ማካፈል ነው። ሁለቱም ጠባቂውን ሳያስወግዱ የሚደረጉ መፍትሔዎች ናቸው፤ ዋጋቸውም ብዙ አይደለም።

አንዳንድ ሠራተኞች ግን ሌላ መፍትሔ አግኝተናል ይላሉ፤ ይኸውም የስፒናውን ሦስተኛ ጥርስ፥ የመሬቱን፥ በጕጠት መቍረጥ ነው። በእርግጥም ከዚህ በኋላ ሶኬቱ ዝም ይላል። ምክንያቱም የሚፈስሰው ኮረንቲ የሚሄድበት መንገድ ተዘግቷል፤ መፍሰሱ ግን አልቀረም። የመሣሪያው ብረት ገላ ኮረንቲ እንደ ለበሰ ሰው ይጠብቃል። በላብ የረጠበ እጅና እርጥብ መሬት የረገጠ እግር አንድ ላይ 1,000 ኦም ያህል ብቻ ሊሆኑ ይችላሉና በ220 ቮልት 220 ሚሊአምፔር፥ በ120 ቮልትም 120 ሚሊአምፔር በዚያ ሰው ሊያልፍ ይችላል። ጠባቂው ከነበረ ያን ጊዜ ይቈርጣል፤ ሰውየው መነካቱን ሳያውቅ አይቀርም፥ ይድናል ግን። ጠባቂው ደግሞ ከተነቀለ የቀረ ነገር የለም። በገላቸው ላይ አንድ አራት ማዕዘን በሌላ አራት ማዕዘን ውስጥ የተሣለባቸው መሣሪያዎች ግን ከፋብሪካው ሲወጡ የመሬት ጥርስ የላቸውም፤ ሁለት ድርብ ልብስ ለብሰዋልና። እነርሱም ውኃ ከገባባቸው እንደ ሌላው ናቸው።

የመሬት ሽቦ ባልተዘረጋበት ቤት ጠባቂው ይሠራል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። አዎን፥ ይሠራል፤ የሚቈጥረው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለውን ጕድለት ነውና የመሬት ሽቦ አያስፈልገውም። ነገር ግን የመሬት ሽቦ ባለበት ቤት መፍሰሱ እንደ ተጀመረ ማንም ሳይነካው ይቈርጣል፤ የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት ግን የመጀመሪያው የመፍሰሻ መንገድ ሰው ይሆናል። ስለዚህ በትምህርት ቤት የሥራ ክፍል ሁለቱም ቢኖሩ ይገባል።

ጠባቂው የማያየው ነገርም አለ። ሰው በአንድ እጁ ፌዙን፥ በሌላው ኒውትራሉን ቢይዝና በደረቅ ሳንቃ ላይ ቢቆም፥ የሄደው ሁሉ በእርሱ አልፎ ስለሚመለስ ቍጥሩ ሙሉ ነው፤ ሶኬቱም ሞተር የሚሠራ ይመስለዋል። ጠባቂ አለ ተብሎ ስፒናው ሳይነቀል ማብሪያውን መፍታት ስለዚህ ክልክል ነው።

መብራት ባልደረሰበት መንደር ከትንሽ ጀኔሬተር ኮረንቲ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች አሉ። ብዙዎቹ ትንንሽ ጀኔሬተሮች ኒውትራላቸው ከገላቸውም ከመሬትም ጋራ አልተገናኘም። በእንዲህ ያለው ላይ መሣሪያው ቢያፈስስ ኮረንቲው ወደ ጀኔሬተሩ የሚመለስበት መንገድ የለውምና ጠባቂው አይቈርጥም፤ ሰውንም በመጀመሪያው ጥፋት ላይይዘው ይችላል። አስተማሪው በዚህ ዝምታ እንዳይታለል፤ ያው መሣሪያ በኋላ ከከተማ መብራት ጋራ ሲገናኝ ያስቈርጣል። ሁለተኛ መሣሪያ በዚያው ጀኔሬተር ላይ ቢበላሽ ደግሞ የሁለቱ ጥፋት እርስ በርሱ መንገድ ይሆናል።

ዘመድ ከአሜሪካ መሣሪያ የሚልክለት ሰውም ይህን ይወቅ። የዚያ አገር ጠባቂ ሶኬት ለ120 ቮልት የተሠራ ስለ ሆነ በ220 ቮልት መሥመር ላይ አይተከልም። መጋዙም በቀጥታ ቢሰካ ሞተሩ ይቃጠላል፤ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ትራንስፎርመሩም የመጋዙን ጭነት የሚችል ይሁን። በአገር ውስጥ የሚተከለው በማከፋፈያው ሣጥን የሚገባው የ30 ሚሊአምፔር ጠባቂ ነው፤ ሲገዛም በፊቱ ላይ «0.03» እና «ኤ» ወይም «30» እና «ሚሊአምፔር» የሚል በላቲን ፊደል ተጽፎበት እንደ ሆነ ይታይ። 100 ወይም 300 የተጻፈበት ቤትን ከእሳት ለመጠበቅ ነው እንጂ ለሰው አይበቃም።

በጠባቂው ፊት ላይ አንድ የመፈተኛ ቍልፍ አለ። ሲጫኑት ጥቂት ኮረንቲ ሆን ብሎ ከቀለበቱ ውጭ ያሳልፋል፤ ጠባቂውም ወዲያው መቍረጥ አለበት። በውስጡ ያለው መቍረጫ በዝገትና በአቧራ ሊደርቅ ስለሚችል በወር አንድ ጊዜ ይህ ፈተና ይደረጋል። በአሜሪካ ከ2015 ወዲህ የሚሠሩት ሶኬቶች ራሳቸውን በየጊዜው ይፈትናሉ፤ ቢሆንም የወሩ ፈተና አልቀረላቸውም። ቍልፉ ተጭኖ ካልቈረጠ ጠባቂው ሞቷል፤ መጋዙ በእርሱ ላይ ደኅና ቢሠራም በዚያው ቀን ይለወጣል።